ፕሬዝዳንቱ ፈረመ ሲባል ነገሩ አልቋል ወይ? የአሜሪካን ዜና ስትሰሙ ማን ማንን ማስቆም እንደሚችል እንዴት ትለያላችሁ

ፕሬዝዳንቱ እንዲህ ያለ ነገር ፈረመ ሲባል ብዙዎቻችን በቃ አለቀ ብለን ነው የምናልፈው፣ እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዛ ነበርኩ። ሕግ አውጪ ሕግ አስፈፃሚ ሕግ ተርጓሚ የሚለውን ከትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን ግን እሱን መሸምደድ ዜናውን ለመረዳት ብዙም አልረዳኝም፣ ምክንያቱም የአሜሪካ ሕገ መንግስት ሶስቱን በአጥር ለያይቶ አላስቀመጣቸውም፣ አንዱ ሌላው ስራ ላይ እጁን እንዲያስገባ አድርጎ ነው የሰራቸው። አሁን ዜና ስሰማ የምጠይቃቸውን ጥያቄዎች ልንገራችሁ። አመተ ምህረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

መጀመሪያ የተፈረመው ሕግ ነው ወይስ ኤግዘኪዩቲቭ ኦርደር? ይሄን ሳትለዩ ወደ ሌላው አትሂዱ። ሕግ ከሆነ 435 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤትና 100 አባላት ያሉት ሴኔት ተስማምተውበት ነው የመጣው፣ እሱን ለማጥፋት ወይ ሌላ ሕግ ወይ ፍርድ ቤት ያስፈልጋል። ኤግዘኪዩቲቭ ኦርደር ከሆነ ግን ፕሬዝዳንቱ በስሩ ላሉት መስሪያ ቤቶች የሚሰጠው ትዕዛዝ ነው፣ ቀጣዩ ፕሬዝዳንት ቢሮ በገባበት ቀን ሊሰርዘው ይችላል።

ቀጥሎ ያለው ለኔ ዋናው ነው። ስልጣኑን ከየት አመጣው በሉ። ወይ ከሕገ መንግስቱ ወይ ኮንግረስ (ሁለቱ ምክር ቤቶች በአንድ ላይ) ካወጣው ሕግ መምጣት አለበት፣ ሌላ ምንጭ የለም። በ1952 የኮሪያ ጦርነት እየተካሄደ የብረት ፋብሪካ ሰራተኞች አድማ ሊመቱ ሲሉ ፕሬዝዳንት ትሩማን ጦሩ ብረት ያስፈልገዋል ብሎ ፋብሪካዎቹን መንግስት እንዲይዛቸው አዘዘ። ባለቤቶቹ ከሰሱ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም 6 ለ 3 ይሄን እንድታደርግ የፈቀደልህ ሕግ የለም አለው። እዚጋ ልብ በሉ፣ ዘጠኙንም ዳኞች የሾሙት ከሱ በፊት የነበረው ፕሬዝዳንት ሩዝቬልትና ራሱ ትሩማን ናቸው፣ ትሩማን ከሾማቸው አራቱ ደሞ ሁለቱ በሱ ላይ ነው የፈረዱት። ዳኛ አንዴ ከተሾመ የእድሜ ልክ ስለሆነ የሾመውን ሰው መፍራት የለበትም። ትሩማንም ፋብሪካዎቹን መለሰ። በ2023 ባይደን 400 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የተማሪዎች ብድር ሊሰርዝ ሲል የወደቀው በዚሁ ጥያቄ ነው፣ የጠቀሰው የ2003 ሕግ ይሄን ያህል አይፈቅድም ተባለ፣ እሱም 6 ለ 3።

ከዛ ብሩን ማን ይሰጣል? ከግምጃ ቤት አንድ ዶላር የሚወጣው ኮንግረስ በሕግ ሲፈቅድ ብቻ ነው። በ2018 መጨረሻ ትራምፕ ለድንበሩ ግንብ 5.7 ቢሊዮን ዶላር ጠየቀ፣ ኮንግረስ አልሰጥም አለ፣ በጀቱ ሳይፀድቅ ቀርቶ የመንግስት ስራ በከፊል 35 ቀን ተዘጋ፣ 800,000 የሚሆኑ ሰራተኞች ያለ ደሞዝ ቆዩ። መጨረሻ ላይ የግንቡን ብር ሳያገኝ በጀቱን ፈረመ። ግን እዚህ አላበቃም፣ ብዙም ሳይቆይ አስቸኳይ ጊዜ አውጆ ከመከላከያ በጀት ማዞር ጀመረ፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች አዋጁ ይነሳ ብለው ድምፅ ሰጡ፣ እሱ ቬቶ አደረገው (አልፈርምም ብሎ መለሰው)፣ ቬቶውን ለመሻር የሚበቃ ድምፅ ደሞ ጠፋ። ስለዚ ማስቆሚያ መንገድ አለ ማለትና መንገዱ ይሰራል ማለት አንድ አይደለም፣ ይሄ በጣም የሚያሳስበኝ ነገር ነው።

ለዛ ነው ድምፅ መቁጠር ያለባችሁ። ቬቶ ለመሻር በሁለቱም ምክር ቤቶች ሁለት ሶስተኛ ያስፈልጋል፣ የፕሬዝዳንቱ ፓርቲ ከአንዱ ምክር ቤት ከሲሶው በላይ ካለውና ካልከዳው ቬቶው ይፀናል። ኦባማ በስምንት አመት ውስጥ የተሻረበት ቬቶ አንድ ብቻ ነው፣ በ2016 የሴፕቴምበር 11ዱ የሽብር ጥቃት ተጎጂ ቤተሰቦች ሳውዲን እንዲከሱ የሚፈቅደው ሕግ ላይ፣ ሴኔት 97 ለ 1 ነው የሻረው። ኢምፒችመንት ላይ ደሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ኢምፒች ተደረገ ማለት ከስልጣን ወረደ ማለት አይደለም፣ ተከሰሰ ማለት ነው። ተወካዮች ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ይከሳል፣ ሴኔት ይዳኛል፣ ለማውረድ ሁለት ሶስተኛ ይፈልጋል። አንድሩ ጆንሰን በ1868 በአንድ ድምፅ ነው የተረፈው፣ ክሊንተንም ትራምፕም (እሱ ሁለቴ) ተከሰው አልወረዱም። ኒክሰን በ1974 ምክር ቤቱ ድምፅ ሳይሰጥበት ራሱ ለቀቀ። ፕሬዝዳንቱ ያቀረበውን ሹመት ማፅደቅ ግን ቀላል ነው፣ ሴኔት ውስጥ አብላጫ ድምፅ ይበቃል።

በመጨረሻ ማን ከሰሰ የሚለውን ፈልጉ። ፍርድ ቤት ዜና ሰምቶ በራሱ አይነሳም፣ ተጎዳሁ የሚል ሰው ወይም ግዛት ከሶ መምጣት አለበት፣ ከሳሽ ከሌለ ዳኞቹ ነገሩ ሕገወጥ ቢመስላቸውም አፋቸውን አይከፍቱም። ፍርዱ ሲመጣ ደሞ የተተረጎመው ሕገ መንግስቱ ነው ወይስ ተራ ሕግ የሚለውን እዩ። ሕገ መንግስቱ ከሆነ ፍርዱን ለመቀልበስ ወይ ፍርድ ቤቱ ራሱ ሀሳቡን መቀየር አለበት ወይ ማሻሻያ ያስፈልጋል፣ ማሻሻያው ደሞ ከ50ው ግዛት 38ቱ እንዲያፀድቁት ይጠይቃል። ተራ ሕግ ከሆነ ግን ኮንግረስ ሕጉን እንደገና መፃፍ ይችላል። ሊሊ ሌድቤተር የምትባል ሴት ከወንዶቹ ያነሰ ሲከፈላት ኖራ በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤት የክስ ጊዜው አልፎብሻል ብሎ መለሳት፣ ኮንግረስ ያንን የጊዜ ገደብ በሕግ ቀየረው፣ ኦባማ ስልጣን በያዘ በዘጠነኛው ቀን በስሟ የተሰየመውን ይሄን ሕግ ፈረመው።