መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በጅማ ከተማ የአሽከርካሪዎች የተግባር አሠልጣኝ ነኝ። ሠልጣኝ መሪ ላይ ሲሳሳት አጠገቡ ተቀምጬ አርመዋለሁ፤ ከመመዝገቡ በፊት የሠራውን የሂሳብ ስህተት ግን የማውቀው ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የሥልጠናን ወጪ በማሠልጠኛው ደረሰኝ ብቻ መለካት ነው። የጤናና የዓይን ምርመራ፣ የፈተና ክፍያ፣ ከወደቁ ደግሞ የድጋሚ ፈተናና የተጨማሪ ልምምድ ሰዓት ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃሉ። ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን በየትኛውም ደረሰኝ ላይ የማይጻፈው፣ ሥራ በማቆም የሚቀረው ገቢ ነው። አንድ የባጃጅ አሽከርካሪ የባለንብረቱን የዕለት ገቢ አስገብቶና ቤንዚኑን ሞልቶ በእጁ 400 ብር ይተርፈዋል ብንል፣ ለሥልጠና 50 ቀን ቢያቆም 20,000 ብር ወጪ አድርጓል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ከክፍያው ጎን ጽፎ የመጣ ሠልጣኝ ያየሁት ከስንት አንዴ ነው።

እኔም በዚሁ ስህተት አልፌያለሁ። ቡና በሚጭን አይሱዙ ላይ ረዳት ሳለሁ ሥልጠና የጀመርኩት በኅዳር ነበር። ቡናው ከአጋሮና ከሊሙ በኩል በሚወርድበት፣ መኪና ያለው ሁሉ ሌሊቱን ጭምር በሚሠራበት ወቅት እኔ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ከረምኩ፤ ፈቃዱን ይዤ ስወጣ ጭነቱ ቀዝቅዞ ነበርና ለወራት ሥራ ፈታሁ። ሥልጠናውን ወደ ክረምት ባዞረው ኖሮ ሁለቱንም አገኝ ነበር። የጅማ ክረምት ረጅም ስለሆነ ጭቃና እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን እንዴት እንደሚያዝ በደንብ የሚታወቀውም ያን ጊዜ ነው።

አሁን ትዕግሥቴን ወደሚፈታተነው ስህተት ልምጣ፤ መኪናውን ማን እንደሚሰጥ ሳያውቁ ምድብ መምረጥ። የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010 ፈቃዶችን በተሽከርካሪው ዓይነት ይከፋፍላል፤ ሞተር ሳይክል፣ ባለ ሦስት እግር፣ አውቶሞቢል፣ የሕዝብ ማመላለሻ፣ ደረቅ ጭነት፣ ፈሳሽ ጭነትና ልዩ ተሽከርካሪ የየራሳቸው ምድብና የየራሳቸው መስፈርት አላቸው። ሊመዘገቡ የሚመጡ ወጣቶች ግን መስፈርቱንም ሥራውንም ሳይጠይቁ «ትልቁ የትኛው ነው?» ይሉኛል። አንድ ታታሪ ልጅ ባጃጁን ለባለቤቱ መልሶ፣ ከእናቱ ዕቁብ ተበድሮ የሕዝብ ማመላለሻ ፈቃድ አወጣ። ከዚያ በኋላ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በየመናኸሪያው ሲዞር የሰጠው ባለንብረት አልነበረም። በመጨረሻ የተመለሰው ወደ ባጃጅ ነው፤ የቀድሞዋ ባጃጅ ግን ለሌላ ሰው ተሰጥታ ስለነበር አዲስ ያገኘው ለባለንብረቱ በየቀኑ ከበፊቱ ከፍ ያለ ገቢ ሊያስገባ ተስማምቶ ነበር።

ባለንብረቶቹን ልወቅሳቸው አልችልም። ያላቸውን ጥሪት ሁሉ ያፈሰሱበትን መኪና የሚያስረክብ ሰው ከፈቃዱ ሌላ ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ተያዥና መንገዱን መልመድ። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመካከሉ የጊቤ ቁልቁለት አለ። ጭነት የያዘን መኪና እዚያ ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ይዞ፣ ፍሬኑን ሳያግል የሚያወርደው በመንገዱ የተመላለሰ ሰው ነው። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት ተያዥ የሚሆንዎትን ሰው በስሙ ይወቁት፤ ቢያንስ አንድ ባለንብረትም «ይህን ምድብ ባወጣ ትሰጠኛለህ?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ካላገኙ ገንዘብዎን ይያዙ፤ ለጥቂት ወራት ረዳት ሆኖ መሥራት ከፈቃዱ በፊት የሚገባ ትምህርት ነው።

የማሠልጠኛው የምስክር ወረቀት በራሱ መንጃ ፈቃድ አይደለም፤ ፈቃዱን የሚሰጠው ፈተናውን ካለፉ በኋላ የመንግሥት አካል ነው።

በደላላ በኩል ያለ ፈተና ፈቃድ ለማውጣት የሚከፈል ገንዘብ ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል፣ ሰውም ያስገድላል።

የተግባር ሰዓትን መዝለልም ኪሳራ ነው። ወደ ጅሬን በሚወስደው ዳገት ላይ መኪናውን አስቁሜ እንዲነሱ ሳዝዝ፣ ሰዓቱን የዘለለውን ሠልጣኝ በእግሩ አውቀዋለሁ። የእጅ ፍሬኑን ቶሎ ይለቃል፣ ፍሪሲዮን ላይ ያለው ግራ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ መኪናው ወደ ኋላ ሲንሸራተት ሁለቱንም እግሮቹን ያነሳል፣ ሞተሩም ይጠፋል። የዘለለውን ሰዓት በኋላ በተጨማሪ ልምምድና በድጋሚ ፈተና መልሶ ይከፍለዋል፤ ለዚያውም ከሥራ በሚቀርበት ቀን።

ባለፈው ሰኔ አንድ ሠልጣኝ ደብተር ይዞ መጣ። በአንድ ገጽ ወጪውን፣ ከሥራ የሚቀርባቸውን ቀናት ጭምር፣ በሌላው ደግሞ የአጎቱን የጭነት መኪና፣ ተያዥ የሚሆኑትን ጎረቤትና ቡና እስኪደርስ የቀሩትን ወራት ጽፎ ነበር። የመረጠው ምድብ ለዚያው መኪና የሚያስፈልገውን ብቻ ነው። ፈቃዱን ባገኘ ሳምንት አጎቱ ባዶውን መኪና ከአጋሮ እስከ ጅማ አስነዱት፤ እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው።