የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ጉድ እንዳይሠራችሁ

አንድ ጊዜ የደመወዝ ዝርዝር ለአለቃዬ ብቻ ልልክ ብዬ ለክፍሉ ሁሉ ላክሁት። «ሪፕላይ ኦል» ነው ጉድ የሠራኝ። ሳምንቱን ሙሉ የቡና ሰዓት ወሬ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ መጀመሪያ፣ ጂሜይል የምትጠቀሙ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «አንዱ ሴንድ» (Undo Send) የሚለውን፣ ማለትም የላካችሁትን መልሳችሁ የምታስቀሩበትን ጊዜ፣ 30 ሰከንድ ላይ አድርጉት። ካልነካችሁት 5 ሰከንድ ብቻ ነው፤ በ5 ሰከንድ ሰው ደንግጦ እንኳ አይጨርስም። የተቀባዩን አድራሻ ደግሞ መጨረሻ ላይ ጻፉ፣ ደብዳቤው አልቆ፣ ፋይሉ ተያይዞ፣ አንዴ ከተነበበ በኋላ። ለማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች ስትልኩ ቢሲሲ (Bcc) ተጠቀሙ፣ አንዱ የሌላውን አድራሻ አያይም። ሲሲ ላይ ከሆነ ሁሉም የሁሉንም አድራሻ ያያል።

ቀጥሎ ሁለተኛውን ማረጋገጫ፣ ከፓስወርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን፣ አብሩ፤ ፓስወርድ ብቻውን አይበቃም። ስልካችሁ ላይ የሚመጣውን ኮድ «ከአይቲ ክፍል ነኝ» ለሚል ሰውም ቢሆን አትንገሩ። ኢንተርኔት ቤት ፕሪንት ልታደርጉ ከፍታችሁ ሳትዘጉ ከወጣችሁ፣ ጂሜይልን በኮምፒውተር ስትከፍቱ ከታች በቀኝ በኩል «ዲቴይልስ» የምትል ትንሽ ጽሑፍ አለች። በእሷ ገብታችሁ ከሌላ ኮምፒውተር ሁሉ መውጣት ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ከባዱ። ዕቃ ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ይሄን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ሌባው በእናንተ ወይም ዕቃውን በሚሸጥላችሁ አቅራቢ ኢሜይል ውስጥ ይገባና ዝም ብሎ ያነባል። ፕሮፎርማው መጥቶ፣ ዋጋው ተስማምቶ፣ ክፍያው ሊወጣ ሲል በአቅራቢው ስም «የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል» ብሎ ይጽፋል። ሎጎው ያው፣ ፊርማው ያው። አድራሻው ላይ አንዲት ፊደል ብትለወጥ ነው፤ አንዳንዴ እሷም አትለወጥም፣ ከራሱ ከአቅራቢው ኢሜይል ነው የሚልከው። ስለዚህ ደውሉ። ኢሜይሉ ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን በድሮው ውል ላይ ባለው። ሒሳብ መቀየሩ በስልክ ሳይረጋገጥ ብር አይውጣ፣ አለቃ «ቶሎ በሉ» ቢልም። «ዛሬ ካልተከፈለ ዕቃው አይጫንም» የሚል ጥድፊያ ካለበትማ ይበልጥ ጠርጥሩ።

የማይሆን ሊንክ ነክታችሁ ፓስወርድ ካስገባችሁ አትደብቁ። ወዲያው ለአይቲ ንገሩ፣ ፓስወርዱን ቀይሩ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ «ፎርዋርዲንግ» እና «ፊልተር» የሚሉትን እዩ፤ ሌባው የሚመጣላችሁን ሁሉ ለራሱ እንዲተላለፍ አድርጎት ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ፓስወርድ ስለተቀየረ ብቻ አይጠፋም።