ለፒርሎ የሽኝት ምሽት ስታዘጋጁ

ጣሊያናዊው አማካይ አንድሪያ ፒርሎ እ.ኤ.አ. በ2017 ጫማውን ሰቅሏል። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ባለችው ዲኤስቲቪ ቤታችን በክብር እንሸኘዋለን። በሰፈራችሁ ማዘጋጀት ከፈለጋችሁ እንዲህ አድርጉ።

ቀኑን ከባለቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ ቁረጡ። ፕሪሚየር ሊግ የሌለበት ይሁን፤ የአርሴናልና የማንቼ ደጋፊ ቤቱን ከሞላው ማንም አይሰማችሁም። ቪዲዮዎቹን ቀድማችሁ ፍላሽ ላይ ጫኑ። ዳር ሰፈር ኔትወርክ አይታመንም። መብራት ቢሄድ እንኳ ቻርጅ የተደረገ ላፕቶፕ ይኑር።

ጎል ብቻ አትሰብስቡ። የፒርሎ ውበት ያለው ከጎሉ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ዶርትሙንድ ላይ፣ ከጀርመን ጋር። 119ኛው ደቂቃ። ኳሷን ሳጥኑ ጫፍ ላይ ያገኛታል። ወደ ቀኝ ይገፋታል። ሁሉም ይመታል ብሎ ይጠብቃል። እሱ ሳያይ ለቡድን ጓደኛው ግሮሶ ያሾልካታል። ግሮሶ ከመምታቱ በፊት ፖዝ አድርጉት። ስንት ተከላካይ ፒርሎ ላይ እንዳፈጠጠ ልጆቹ በጣት ይቁጠሩ። ይህን ያላየ ፒርሎን አላየም።

ቀጥሎ ዩሮ 2012። ጣሊያን በመለያ ምት በእንግሊዝ እየተመራች ነው። የእንግሊዙ በረኛ ጆ ሃርት ሲወድቅለት ፒርሎ ኳሷን መሃል ለመሃል ቀስ አድርጎ ከፍ አደረጋት። እንዴት ያለ እርጋታ ነው!

ፒርሎ የተጫወተባቸው የሚላንና የጁቬ (ጁቬንቱስ) ደጋፊ መከራከሩ አይቀርም። ለሚላን የ2003ንና የ2007ን ሻምፒየንስ ሊግ፣ ለጁቬ ከ2012 ጀምሮ በተከታታይ የወሰዳቸውን 4 ስኩዴቶዎች (የጣሊያን ሊግ ዋንጫዎች) አሳዩ። የፒርሎን 21 ቁጥር ማሊያ ያለው ለብሶ ይምጣ። ቡናና ፈንዲሻ አይጥፋ። ከመግቢያው ብር ከተረፈ ለሰፈሩ ልጆች ኳስ ግዙበት።