ልጅዎ ክራውን ከተገጠመለት በኋላ ድዱ ከቀላ ወይ ከደማ ችግሩ የቱ ጋ ነው?

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ጅማ አጠገብ ካለችው ከሰርቦ የሰባት አመት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ከሁለት ወር በፊት ሌላ ቦታ የታች መንጋጋ ጥርሷ ላይ የብረት ክራውን፣ ማለትም የጥርስ ኮፍያ ተገጥሞላታል፣ ከዛ ወዲህ ግን ብሩሽ በነካው ቁጥር ድዷ እየደማ እናትየው ደንግጣ እዛ ጋ መቦረሹን አስተወቻት፣ ነጭ ሽንኩርት ቀጥቅጣም ያዘችላት፣ ለውጥ የለም። "ወላሂ ዶክተር ብረቱ አልተስማማትም፣ አውጣልኝና ልረፍ" አለችኝ። መስታወቱን አስገብቼ ሳይ ክራውኑ ምንም አልሆነም፣ ጠርዙም በደንብ ተቀምጧል፣ ግን በሁለቱ መንጋጋ ጥርሶች መሀል ድዱ ስር የግማሽ ሩዝ ፍሬ ምታክል ነጣ ያለች ነገር ተወሽቃለች። ሲሚንቶ ናት፣ ክራውኑ ጥርሱ ላይ ሚለጠፍበት ማጣበቂያ። በመሳሪያው ጫፍ ገፋ ሳደርጋት ቀጭ ብላ ወጣች፣ ትንሽ ደም ተከተላት፣ በቃ። በአስረኛው ቀን ሲመለሱ ያ ድድ ከሌላው አይለይም ነበር።

እዚህ ጅማ ስሰራ በጣም ሚያሳዝነኝ ይሄ ነገር ነው፣ ደህናው ክራውን "አልተስማማም" ተብሎ ይወጣል፣ አንዳንዴም ጥርሱ አብሮ ይነቀላል፣ ከዛ ጎን ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያጋድላሉ፣ ከስር ሚመጣው ቋሚ ጥርስ መውጫ ያጣል። ሁሉ ነገር ሚጀምረው ግን ሳይጠረግ ከቀረች ከትንሽ ሲሚንቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ምልክቱን እያያችሁ ምክንያቱን ፈልጉ፣ ከዛ ነው መፍትሄው።

መጀመሪያ ሲሚንቶው ምን እንደሚሰራ ልንገራችሁ። ክራውን ጥርሱ ላይ እንደ ኮፍያ ነው ሚጠለቀው፣ ውስጡ በሲሚንቶ ይሞላና ሲጫን ትርፉ በዙሪያው ይወጣል። መውጣቱ ጥሩ ነው፣ ካልወጣ ውስጡ በደንብ አልሞላም ማለት ነው፣ ችግር ሚሆነው የወጣው ሳይጠረግ ከደረቀ ነው። የደረቀ ሲሚንቶ ሻካራ ነው፣ ሻካራ ነገር ላይ ፕላክ ይለጠፋል፣ ያ ነጭ ልስልስ ቆሻሻ ማለት ነው፣ ውስጡ በሙሉ ባክቴሪያ ነው፣ ድዱን ሚያቆስለው በዋናነት እሱ ነው እንጂ ብረቱ አይደለም። የብረት ክራውን ለልጆች የወተት መንጋጋ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሰራበት የቆየ ነገር ነው።

ወዲያው ድዱ ነጣ፣ ልጁ "አፌ አይገጥምም" ይላል

ይሄ አያስደነግጥ። ክራውኑ ድዱን ሲጫነው ደሙ ለጊዜው ይሸሻል፣ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። አፌ አይገጥምም ሚለው ደግሞ በተለይ ሆል ቴክኒክ በሚባለው ሲገጠም ነው፣ ስኮትላንዳዊቷ የጥርስ ሀኪም ኖርና ሆል ያስለመደችው ዘዴ ነው፣ ያለ መርፌ ያለ ቁፋሮ ክራውኑ እንዳለ በሲሚንቶ ይጫናል። ጥርሱ ከሌላው ከፍ ይላል፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ንክሻው ራሱ ይስተካከላል። የመጀመሪያው ቀን ካመመው ፓራሲታሞል በክብደቱ ልክ ይበቃዋል። አስፕሪን ግን ለልጅ እንዳትሰጡ፣ ድዱ ላይም እንዳታስቀምጡ፣ ድዱን ያቃጥለዋል፣ ተልጦ ነጭ ሆኖ የመጣ ልጅ አይቻለሁ።

ሁለት ሳምንት አልፎታል፣ አንድ ቦታ ብቻ ቀልቶ ይደማል

ዋናው ይሄ ነው። "አንድ ቦታ ብቻ" ሚለውን ያዙልኝ። ልክ በተገጠመ ሰሞን ድዱ ትንሽ ቢቀላ ተነካክቶ ነው፣ በሳምንት ውስጥ ይረጋጋል። ከሁለት ሳምንት በኋላም አንዱ ጎን ብቻ፣ በተለይ በሁለት ጥርስ መሀል ያለችው ሶስት ማእዘን ድድ አብጣ ከቀላችና ምግብ ከያዘች፣ መጀመሪያ የተረፈ ሲሚንቶ ነው መጠርጠር ያለበት። ቤት ውስጥ በስልክ መብራት ጉንጩን ሳብ አድርጋችሁ እዩ፣ አንዳንዴ ነጭ ወይ ቢጫማ ጠርዝ ይታያል፣ ካልታየ ደግሞ የጥርስ ክር ስታሳልፉ ይይዝና ይበጣጠሳል።

ለምን ተረፈ? አንደኛ ልጆች ይንቀሳቀሳሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ባለሙያውም ይቸኩላል። ሁለተኛ የሲሚንቶው አይነት ለውጥ ያመጣል። እኛ ጋ ለልጆች ብዙ ጊዜ ሚሰራበት ግላስ አዮኖመር ነው፣ ዱቄትና ፈሳሹ ተለውሶ በራሱ ይደርቃል፣ መብራት ቢጠፋ አይቸግረውም፣ ፍሎራይድም ይለቃል፣ ለዛ ነው እኔም ምወደው። ሲደርቅ መሀል ላይ እንደ ላስቲክ ሚሆንበት ሰአት አለው፣ ያኔ ከጠረጉት እንደ ልጣጭ አንድ ላይ ይነሳል፣ ያ ሰአት ካለፈ ግን ጠንክሮ መፋቅ ይፈልጋል። ሬዚን ሚባለው በሰማያዊ መብራት ሚደርቀው ደግሞ የባሰ ነው፣ ለሁለት ለሶስት ሰከንድ ብቻ አብርቶ ትርፉን ማንሳት ሲገባ ሙሉ ካበሩበት ድንጋይ ይሆናል፣ ቀለሙም ጥርስ ስለሚመስል አይታይም። ነጩ የዚርኮኒያ ክራውን ላይ ሌላ ጣጣ አለ፣ እሱ ሲገጠም ድዱ ከደማ ደሙ ከሲሚንቶው ጋ ይቀላቀልና መያዣው ይደክማል፣ ስለዚህ ደሙ ሳይቆም መጫን የለበትም። በሌላ በኩል ዚርኮኒያ ገጹ ልሙጥ ስለሆነ ፕላክ ብዙ አይይዝም፣ በደንብ ከተገጠመ ድዱ ይወደዋል።

መፍትሄው፦ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት፣ ትርፉ ስኬለር በሚባል የጥርስ መጥረጊያ መሳሪያ ይነሳል፣ ብዙ ጊዜ መርፌም አያስፈልገውም፣ የአስር ደቂቃ ስራ ነው። ቤት ውስጥ በመርፌ ወይ በፀጉር ሽቦ እንዳትነካኩት፣ ድዱን ትወጉታላችሁ ሲሚንቶው ግን አይወጣም። መቦረሹን ደግሞ በፍጹም እንዳታቆሙ! ስለሚደማ ተብሎ ሚተው ብሩሽ ነው ትንሿን ችግር ትልቅ ሚያደርጋት። ለስላሳ ብሩሽ፣ ጠዋትና ማታ፣ የክራውኑ ጠርዝ ከድዱ ጋ ሚገናኝበት ቦታ ላይ ቀስ ብሎ፣ የመጀመሪያ ቀናት ይደማል፣ ከዛ ይቀንሳል። መትፋት ሚችል ልጅ ከሆነ ለብ ባለ አንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አድርጎ ይጉመጥመጥ፣ ያስታግሳል፣ ሲሚንቶውን ግን አያወጣም።

ሲሚንቶው ከተነሳ በኋላም ድዱ አልድን ካለ ጠርዙ ራሱ ይታይ። ክራውኑ ሰፍቶ ወይ ረዝሞ ከሆነ ክፍተቱን በሲሚንቶ መሙላት መፍትሄ አይደለም፣ ሲሚንቶው በጊዜ እየተሸረሸረ ይሄዳል፣ ክፍተቱ ይመለሳል። በልኩ ሌላ ይገጠም። ከድዱ ቅላት ጋ ከንፈሩና ፊቱ ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን ብረቱ ውስጥ ያለው ኒኬል ወይ ሲሚንቶው ውስጥ ያለ ነገር ያስቆጣው ሊሆን ይችላል፣ በጣም አልፎ አልፎ ነው ሚያጋጥመው፣ ያኔ ነው "አልተስማማም" ሚለው እውነት ሚሆነው።

አፉ ይሸታል፣ ክራውኑ ይነቃነቃል ወይ ወለቀ

ሲሚንቶው ታጥቧል። ወይ ሲገጠም ምራቅ ገብቶበታል፣ ወይ ቀጥኖ ተለውሷል፣ ወይ ዱቄቱ እርጥበት አግኝቶታል፣ ጅማ ዝናቡ ስለማይለቅ ክዳኑ ላላ ብሎ የቀረ ብልቃጥ ቶሎ ይበላሻል፣ ይሄን ለስራ ባልደረቦቼም ነው ምለው። ወይ ደግሞ ልጁ በዛው ቀን ማስቲካና ከረሜላ በልቷል። ግላስ አዮኖመር በደቂቃዎች ቢደርቅም ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል፣ ስለዚህ የመጀመሪያውን ቀን ቆሎም፣ ሚለጠፍ ነገርም አይብላ፣ ገንፎ ወይ ሾርባ ይበቃዋል።

ከወለቀ ክራውኑን በንጹህ ላስቲክ ይዛችሁ ኑ፣ ተጠርጎ መልሶ ሊለጠፍ ይችላል። በሱፐር ግሉ ለጥፈው የመጡ ወላጆች ገጥመውኛል፣ እባካችሁ እንዳታደርጉት፣ ድዱን ያቃጥላል፣ ባክቴሪያውንም ውስጥ ይዘጋበታል። ልጁ ክራውኑን ቢውጠው ብዙ ጊዜ በሰገራ ይወጣል፣ ሳል ከያዘው ወይ ትንፋሽ ካጠረው ግን አንድ ደቂቃ ሳትቆዩ ሆስፒታል።

ድዱ ላይ ብጉር ወጣ፣ መግል አለው

ይሄ የሲሚንቶ ጉዳይ አይደለም። ከክራውኑ ስር ያለው የጥርስ ነርቭ ሞቶ መግሉ በድድ በኩል መውጫ አግኝቷል ማለት ነው። ብጉሩ ይፈነዳል፣ ህመሙ ይቀንሳል፣ ወላጅ ዳነ ብሎ ይተወዋል፣ ከስር ግን እያደገ ነው። አሞክሳሲሊን ከፋርማሲ ገዝቶ መስጠት ለጊዜው ያበርደዋል እንጂ አያድነውም፣ ወይ ነርቩ ይታከማል ወይ ጥርሱ ይነቀላል፣ ራጅ አይቶ ሚወስነው ሀኪሙ ነው። ጉንጩ ካበጠና ትኩሳት ካለው እንዳታሳድሩት።

ሁሉም ድድ ከቀላ

ክራውኑን ተዉት፣ አቦራረሹን እዩ። ሰባት አመት አካባቢ ያለ ልጅ ብቻውን አጥርቶ አይቦርሽም፣ ማታ ማታ እናንተ ቦርሹለት። መፋቂያም ጥሩ ነው፣ የኋላ መንጋጋ መሀል ግን አይደርስም።

ከኋላ ሚመጣው ትልቁ መንጋጋ ተደብቆ ቀረ

በ6 አመት አካባቢ ሚወጣው ቋሚ መንጋጋ የመጨረሻው የወተት ጥርስ ላይ ያለው ክራውን ከኋላ ከረዘመ ወይ ሲሚንቶ ከተረፈበት ጠርዙ ሊይዘው ይችላል። በሌላው ጎን ወጥቶ እዚህ ጎን ከዘገየ ራጅ ይነሳ።

ሳትወጡ በፊት ክሊኒኩ ውስጥ

እንዳታፍሩ። "ዶክተር፣ ክር አሳልፍልን" በሉ። ክሩ መሀሉ ላይ ይቋጠራል፣ ቋጠሮው በሁለቱም ጎን በጥርሶቹ መሀል ሲሳብ የተወሸቀውን ሲሚንቶ ይዞ ይወጣል፣ ያችን የሰርቦ ልጅ ሁለት ወር ያደማት ነገር በዚህ በአንድ ደቂቃ ይወጣ ነበር። ምን ሲሚንቶ እንደሆነ ጠይቃችሁ ካርዱ ላይ አስጽፉ፣ ሌላ ቦታ ብትሄዱ ይጠቅማል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ድዱ ደህና ቢመስልም አሳዩት።

ከ9 እስከ 12 አመት ባለው ደግሞ ክራውኑ መነቃነቅ ከጀመረ እንዳትደናገጡ፣ ሚነቃነቀው ሲሚንቶው ሳይሆን ጥርሱ ነው፣ ጊዜው ደርሶ ነው፣ ከነክራውኑ ይወልቃል፣ ከስሩም አዲሱ ጥርስ ብቅ ብሎ ታገኙታላችሁ።