ልጅን ስንሸልም ፍላጎቱን ላለመግደል ምን እናድርግ?

ልጁ ማንበብ ይወዳል እንበል። ማንም ሳይነግረው መጽሐፍ ይዞ ጥግ ይይዛል። ወላጅ ደስ ይለውና «ለጨረስከው መጽሐፍ ሁሉ ገንዘብ እሰጥሃለሁ» ይላል። ለጊዜው ይሠራል፤ የሚነበቡት መጻሕፍት ይበዛሉ። ቀስ እያለ ግን ልጁ ቀጫጭኖቹን፣ ሥዕል የበዛባቸውን እየመረጠ ማንሳት ይጀምራል። አትፍረዱበት፤ ሒሳቡ ገብቶታል። ገንዘቡ የቀረ ዕለት ንባቡም አብሮ ይቀራል።

ይህ እንዳይሆን እንዲህ ብታደርጉ ይሻላል።

1. መጀመሪያ ታዘቡ

አንድ ጥያቄ መልሱ፦ ልጁ ይህን ነገር ማንም ሳያየው ያደርገዋል? አዎ ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ።

እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። መሳል የሚወዱ ልጆችን መረጡና በሦስት ቡድን ከፈሏቸው። የመጀመሪያዎቹ «ከሳላችሁ ትሸለማላችሁ» ተባሉ። ሽልማቱ ወርቃማ ኮከብና ቀይ ሪባን ያለበት የምስክር ወረቀት ነበር። ሁለተኛዎቹ ምንም ሳይነገራቸው ስለው ሲጨርሱ ያንኑ ወረቀት አገኙ። ሦስተኛዎቹ ምንም አልተሰጣቸውም። ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ የሳሉባቸው ማርከሮች (ባለ ቀለም እስክሪብቶዎች) ክፍል ውስጥ ተቀመጡና ልጆቹ በነፃ ሰዓታቸው ምን እንደሚያደርጉ በድብቅ ታየ። ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች ሥዕል ላይ የቆዩት የሌሎቹን ግማሽ ያህል ብቻ ነበር።

በድንገት የተሸለሙት ልጆች ግን ምንም አልሆኑም። ወረቀቱ ያው አንድ ዓይነት ወረቀት ነው። ነገሩን ያበላሸው አስቀድሞ የታሰረው ውል ነው። ልጁ «ለምንድነው የምስለው?» ብሎ ራሱን ቢጠይቅ ድሮ መልሱ «ደስ ስለሚለኝ» ነበር። አሁን ከፊቱ ሌላ ጉልህ ምክንያት ተደቅኗል።

2. አሰልቺ ሥራ ላይ አትጨነቁ

ካልሲ ማጣጠፍ የሚናፍቀው ልጅ የለም። ስለዚህ የሚገደል ፍላጎትም የለም። እዚህ ላይ ትንሽ ማበረታቻ ብትሰጡ ችግር የለውም። ንባብ ገና የከበደው ጀማሪም ለጊዜው ማነሳሻ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ጣዕሙ ሲገባው ግን ይቁም።

3. «ይህን ካደረግክ ያንን አገኛለህ» ማለቱን ተዉት

መስጠት ካማራችሁ ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ሳይጠበቅ ስጡ። ደግሞ አታስለምዱ። በየሳምንቱ አርብ የሚመጣ «ድንገተኛ» ስጦታ ደመወዝ ነው። ልጆች ይህን ለማወቅ ጊዜ አይፈጅባቸውም።

4. ስታመሰግኑ ያያችሁትን ተናገሩ

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣው ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎችን ሶማ የሚባል የኩብ እንቆቅልሽ አስፈታ። ለፈቱት ለእያንዳንዱ እንቆቅልሽ 1 ዶላር የተከፈላቸው ተማሪዎች ክፍያው ሲቆም ፍላጎታቸው ቀነሰ። በቃል የተመሰገኑት ግን አልቀነሰባቸውም። በኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ዴሲ ከሪቻርድ ኮስትነርና ከሪቻርድ ራያን ጋር 128 ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምር ተመሳሳይ ነገር አገኘ፤ የምስጋናው ጥቅም ግን ከሕፃናት ይልቅ በኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ነው የጎላው።

ምስጋና ሁሉ ግን አንድ አይደለም። «ጎበዝ! ሁልጊዜ እንዲህ ነው መሆን ያለብህ» ማለት ልጓም ማጥበቅ ነው። ይልቅ እንዲህ በሉት፦ «የውሻውን ጆሮ አጥፍተህ ደግመህ ሳልከው አይደል? አሁን የሆነ ድምፅ የሰማ ይመስላል።» ልጁ ሥራው እንደታየለት ያውቃል። ቀጥሎ ጅራቱን ያስተካክል እንደሆነ እሱ ይወስን።

5. ምርጫውን ለሱ ተዉለት

የቱን መጽሐፍ፣ መቼ፣ የት የሚለውን ራሱ ይምረጥ። ሶፋ ላይ ተዘቅዝቆ ቢያነብም ያው ንባብ ነው።

6. የጀመራችሁት ክፍያ ካለ ውጡበት

ከባዱ ይኼኛው ነው። አንዴ ዋጋ የወጣለት ነገር ዋጋው ስለተነሳ ብቻ ወደ ድሮው አይመለስም። የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎቹ ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት በእስራኤል ሃይፋ ያሉ መዋዕለ ሕፃናትን ተከታትሏል። ልጃቸውን ለመውሰድ የሚያረፍዱ ወላጆች ላይ የገንዘብ ቅጣት ሲጣል የሚያረፍዱት ጭራሽ በዙ። ማርፈድ የሚከፈልበት አገልግሎት ሆነላቸው፤ ይሉኝታው ቀረ። ቅጣቱ ሲነሳም ቁጥሩ አልወረደም። ያ ቅጣት ነው፣ የእኛው ሽልማት፤ ግን ሁለቱም ነገሩን ወደ ገበያ ያወጡታል።

ስለዚህ ዝም ብላችሁ አታቋርጡ። የተገባ ቃል ካለ መጀመሪያ ክፈሉ፤ ያለዚያ ልጁ ተጭበረበርኩ ቢል እውነቱን ነው። ከዚያ በግልጽ ንገሩት። የኪስ ገንዘብ የምትሰጡት ከሆነ ቢያነብም ባያነብም ያግኝ፤ ሁለቱ አይገናኙ። ለተወሰነ ጊዜ ንባቡ ሊጠፋ ይችላል። «ታዲያ ምን አገኛለሁ?» ማለቱም አይቀርም። አትደራደሩ፣ አትቆጡም ደግሞ። ስለ ታሪኩ አውሩት እንጂ ስንት ገጽ እንደደረሰ አትጠይቁት። ቆይቶም ካልተመለሰ መጻሕፍቱን ቀይሩ፤ ተረት ሰልችቶት ስለ ሞተር ወይም ስለ ነፍሳት የሚያወራ መጽሐፍ ፈልጎ ሊሆን ይችላል።