የሕፃን ጋሪ ኮብልስቶን ላይ ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ሱቅ ውስጥ ሁሉም ጋሪ ጥሩ ነው። ሻጩ በሴራሚኩ ወለል ላይ በአንድ ጣቱ ገፋ ያደርገዋል፣ ጋሪው ያለ ድምፅ ይንሸራተታል፣ ገንዘብ ይከፈላል። ጣጣው የሚመጣው የሰፈር ኮብልስቶን ላይ ሲደረስ ነው። እኔም የመጀመሪያውን ጋሪያችንን የገዛሁት በቀለሙ ነበር።

የፊት ጎማው ይንቀጠቀጣል፣ ድንጋይ መሐል ይቀረቀራል

ምክንያቱ የጎማው መጠን ነው። ትንሽና ደረቅ የፕላስቲክ ጎማ በሁለት ጥርብ ድንጋዮች መካከል ይሰምጣል፤ በየአቅጣጫው የሚዞር በመሆኑም እዚያው ይጠመዘዛል። እርስዎ ሲታገሉ ልጁ ወደ ፊት ይወረወራል። እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈውን ቀላል ጋሪ በ1965 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው እንግሊዛዊው የአውሮፕላን መሐንዲስ ኦዌን ማክላረን ነው፤ የጀሞን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ግን አላየም።

ጋሪው ቀድሞ ከተገዛ ከፊት ጎማው በላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ይፈልጉ። ስትቆለፍ ጎማው ቀጥ ብሎ ብቻ ይሄዳል፣ መንቀጥቀጡም ይቀንሳል። ለመታጠፍ መያዣውን ወደ ታች ጫን አድርገው ፊቱን ያንሱና ያዙሩት። በጣም ከባሰ ጋሪውን አዙረው ከኋላዎ ይጎትቱት፤ ትልልቆቹ ጎማዎች ድንጋዩን ቀድመው ይወጡታል።

አዲስ ሳለ ደህና የነበረ ጋሪ ቀስ በቀስ ከባሰበት ጎማውን ፈትተው ዘንጉን ይዩት። ከእኛው ላይ አንድ እፍኝ የሚሞላ ፀጉርና ክር ወጥቷል። በምላጭ ቆርጠው ያውጡና ብሎኑን ያጥብቁ። ግራሶ አይቀቡት፤ አቧራ ይሰበስብና ጭቃ ይሆናል። የሲሊኮን ስፕሬይ ይሻላል።

ገና ሊገዙ ከሆነ ትልልቅ ጎማ ያለውን ይምረጡ፤ ባለ አየር ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ወንበሩ ላይ አምስት ኪሎ ዱቄት አስቀምጠው ከሱቁ በር ውጭ ይግፉት። ሻጩ ቅር ቢለው ሌላ ሱቅ አለ።

ሕፃኑ እየተንሸራተተ አገጩ ደረቱ ላይ ያርፋል

ይህንን በቸልታ አይለፉት። የጨቅላ ጭንቅላት ለአንገቱ ከባድ ነው፤ አገጩ ደረቱ ላይ ሲወድቅ ጠባቡ የአየር መተላለፊያ ይታጠፋል። ምክንያቱ ወንበሩ በደንብ አለመተኛቱ ነው። ነጠላ አጣጥፎ ከጭንቅላቱ ኋላ ማድረግ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ጭንቅላቱን ይበልጥ ወደ ፊት ይገፋዋል። ልጁ ስድስት ወር ገደማ እስኪሞላውና አንገቱ እስኪጸና ድረስ ሙሉ በሙሉ የሚተኛ ጋሪ ያስፈልጋል። ከሌለ በእቅፍ ይሂድ። ከዚያ በኋላም በሁለቱ ትከሻዎች፣ በወገቡ ግራና ቀኝና በእግሮቹ መሐል የሚያልፈው ቀበቶ ሁልጊዜ ይታሰር።

ልጁ ያልበዋል፣ ይነጫነጫል

ፀሐይ እንዳይነካው ተብሎ በጋቢ ወይም በፎጣ ተሸፍኗል፤ ውስጡ ምድጃ ሆኗል። ይግለጡት። ጥላው ወደ ፊት ዝቅ የሚልና ከኋላ መተንፈሻ ያለው ጋሪ ይህንን ያስቀራል።

ልጁ ሲነሳ ጋሪው ወደ ኋላ ይገለበጣል

መያዣው ላይ የተንጠለጠለው የገበያ ፌስታል ነው። ዕቃው ከወንበሩ ሥር ወዳለው ቅርጫት ይግባ።

ወደ አንድ ወገን ይጎትታል

ባለ አየር ጎማ ከሆነ አንደኛው ተንፍሷል። በብስክሌት ፓምፕ፣ ጎማው ጎን ላይ እስከተጻፈው ልክ ድረስ ይንፉት። ጎሚስታ ዘንድ ከሄዱ ቀስ እንዲል ይንገሩት፤ ለመኪና የተሠራው ኮምፕረሰር ትንሿን ጎማ በቅጽበት ያፈነዳታል። ጎማዎቹ እኩል ከሆኑ ዘንጉ ጎብጦ ሊሆን ይችላል፤ ከጎበጠ ይቀየር።

ታክሲ ውስጥ አይገባም፣ ደረጃ ላይ ወገብ ይቆርጣል

ትልቅ ጎማ ከክብደት ጋር ይመጣል፤ ከላይ የመከርኩት ምክር እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ሊፍት በሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው 14 ኪሎ ጋሪ የዕለት ቅጣት ነው። ለእሱ በአንድ እጅ የሚታጠፍ፣ ከሰባት ኪሎ የማይበልጥ ጋሪ ይሻለዋል፤ ኮብልስቶኑን ልጁን ታቅፎ፣ ጋሪውን አንጠልጥሎ ይለፈው። ሚኒባስ ረዳት በር ላይ ቆሞ እየጮኸ በሁለት እጅ የሚታጠፍ ጋሪ ማጠፍ አይቻልም፤ ልጁን ማን ይያዝ? ሲያጥፉም ሲዘረጉም የልጁ ጣት ከማጠፊያው ይራቅ፤ የጣት ጫፍ የቆረጡ ማጠፊያዎች አሉ።