መብራት ሲጠፋ ስፒናውን ንቀሉ

ድሬዳዋ ላይ ቀትር አካባቢ መብራት ሲጠፋ በበርና መስኮት ሥራ ቤቶች ሁሉም መሣሪያውን ባለበት አስቀምጦ ጥላ ፍለጋ ይወጣል። አደጋው ያለው መብራቱ ሲመለስ ነው። የብዙ ግራይንደር (በሚሽከረከር ዲስክ ብረት የሚቆርጥ መሣሪያ) ማብሪያ ወደ ፊት ተገፍቶ የሚቆለፍ ስለሆነ ኃይል ቢቋረጥም እንደበራ ይቆያል። መብራት ሲመጣ ማንም ሳይነካው ይነሳል። ትንሹ የ115 ሚሊሜትር ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11,000 ዙር ስለሚሽከረከር፣ ዲስኩ ወለል ከነካ ይዘላል፤ የራሱን ገመድ ወይም አጠገቡ የቆመን ሰው እግር ሊቆርጥ ይችላል።

መላው ቀላል ነው። መብራት እንደጠፋ ግራይንደሩን ከብረቱ አንሱና ዲስኩ ፈጽሞ እስኪቆም ያዙት፤ ሞተሩ ዝም አለ ማለት ዲስኩ ቆመ ማለት አይደለም። ማብሪያውን ወደ ኋላ መልሱ። ከዚያ ስፒናውን ነቅላችሁ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ከመሣሪያው እጀታ ጋር እሰሩት። ላስቲኩ ሁልጊዜ እጀታው ላይ ይኑር። ስፒናው እጀታው ላይ እስከታሰረ ድረስ፣ ማብሪያውን ብትረሱት እንኳ መሣሪያው አይነሳም፤ ስፒናውን ስትፈቱም ዓይናችሁ ማብሪያው ላይ ያርፋል።

የዲቫይደሩን ማብሪያ አጥፍቻለሁ ብላችሁ አትመኑ፤ ሌላው ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ መጥቶ ያበራዋል።

በባትሪ ለሚሠሩት ይህ አያስፈልግም፤ ዲስክ ስትቀይሩ ግን ባትሪውን አውጡ።